ግሳትና ይሉኝታ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፍቅርም፣ ስለ አገርም፣ ስለ ፈተናም ብዙ ተጽፏል። ስለ ግሳት የተጻፈ ግን እስከ ዛሬ አላነበብንም። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ግሳት በጨዋ ሰው ፊት የሚወጣም የሚወራም ነገር አይደለምና። እኛም ይህን ወረቀት ስንጀምር፣ «ምነው፣ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ሌላ አርእስት አጣ?» የሚለው ሳቅ ከወዲሁ በጆሯችን ደርሷል። ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ለእኛ ሳቅ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት አንድ በሬ አሳጥቶናል፤ አንዲት ሴት ሊያሳጣንም ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡን። ከታች በኩል ስለሚወጣው ስለ ታናሽ ወንድሙ ግን ዛሬ አናነሣም፤ እሱን ከእኛ የደፈረ ይጻፈው።

«እኛ» የምንለው ከአንድ ማዕድ ያደግነውን የአንድ ቤት ልጆች ነው። ያሳደገችን አክስታችን ናት፤ ቤቷም ሞጆ ነው። ሞጆን መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እርሷ ዘንድ ነው፤ አንዱ ወደ አዳማ ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ዝዋይና ወደ ሐዋሳ ይታጠፋል። የባቡር ጣቢያው፣ ደረቅ ወደቡ፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ ለውጭ አገር ሥጋ የሚያዘጋጀው ቄራ ሁሉ በዚያው ዙሪያ ናቸው። በጎዳናው ላይ ከከባድ መኪናዎች ጎን የጋሪ ፈረስ ይሮጣል። ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ ደግሞ የሎሜ ጥቁር አፈር ይጀምራል፤ ጤፍና ሽንብራ የሚበቅልበት። የአክስታችን ባል፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ በዚያ መሬት ላይ በአንድ ጥማድ በሬ ያርሱ ነበር። እኛን ያስተማረን፣ ደብተራችንንም የገዛልን ያ ጥማድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፋሲካ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችንን ለበዓል ወደ ሞጆ ይዘናቸው ሄድን። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ አነጋገራቸውም አበላላቸውም ቁጥብ ነው። አክስታችን አምሳ አምስቱን ቀን ጾማ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማ፣ ዶሮውን ሠርታ አቀረበች። እንግዶቹን በእጇ አጎረሰች። ሁሉም ሰው ጠግቦ ከማዕዱ ከተመለሰ በኋላ እርሷ ዝቅ ባለ መቀመጫ ተቀምጣ ቀመሰች። አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣች። ከዚያም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ረዥም ግሳት አገሳችና፣ «እፎይ፣ ተመስገን!» አለች።

ከእንግዶቹ አንዱ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሌላው ከንፈሩን ነከሰ። እኛ ግን ሳቅን። ይህም አልበቃ ብሎን ለእንግዶቻችን በእንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ አድርጉላት፣ ልማዷ ነው» አልናቸው። ቋንቋውን አታውቅም፤ ሳቁን ግን ዐወቀችው። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «እኔማ አርጅቻለሁ፣ ልጆቼ» ብላ ተነሣች። ከዚያች ቀን ወዲህ ለብዙ ወራት አክስታችን ስታገሳ የሰማ ሰው አልነበረም።

ይህን ሐፍረት እኛ ከየት አመጣነው? ከሞጆ ይዘነው አልወጣንም። በመጀመሪያው ዓመት፣ በመመገቢያው አዳራሽ፣ ከእኛ አንዱ ምሳውን በልቶ ሲያበቃ እንደ ቤቱ አገሳ። ጠረጴዛው ሁሉ ዞረበት። «መብረቁ» የሚል ስም ወጣለት፤ ሴሚስተሩን በሙሉም በዚያ ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አፋችንን ገጥመን መዋጥ ተማርን። የተሳቀበት ሰው ደግሞ የሚስቅበት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ እኛም በገዛ ቤታችን፣ በፋሲካ ቀን አገኘነው።

ሲያስቡት ግን ይገርማል። ሰው ወደዚህ ዓለም መጥቶ በመጀመሪያ ከሚመሰገንባቸው ሥራዎች አንዱ ግሳት ነው። ሕፃን ጡት ሲጠባ አየርም አብሮ ይውጣል፤ እናቱ ትከሻዋ ላይ ታደርገውና ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ሳያገሳ አታስተኛውም። ያገሳ እንደ ሆነ ቤቱ በሙሉ «እሰይ፣ የኔ ጌታ!» ይለዋል። ቋንቋችንም ግሳትን አልናቀውም፤ አንበሳም ሰውም በአማርኛ እኩል «አገሳ» ይባላሉ። ታዲያ ያው ልጅ አድጎ ዩኒቨርስቲ ሲገባ የተመሰገነበት ነገር ነውር ይሆንበታል።

ኋላ ከደረሰብን ነገር የተነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንን እያስቸገርን ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት አነበብን። የተረዳነውን እንደ አቅማችን እንጽፈዋለን።

ምግብና መጠጥ ስንውጥ አየርም አብሮ ይወርዳል። በችኮላ የሚበላ፣ እየበላ የሚያወራ ሰው ደግሞ የበለጠ አየር ይውጣል። ጠላውም፣ ቢራውም፣ አምቦ ውኃውም የየራሳቸውን ጋዝ ይዘው ይገባሉ፤ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ የተሟሟው ጋዝ ቢለቀቅ የመጠጡን መጠን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ጨጓራ ውስጥ ሲደርስ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይኛው ክፍል ይሰበሰባል፤ ምግቡና ፈሳሹ ከታች ይቀራሉ።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል አንድ የጡንቻ ቀለበት አለ። ስንውጥ ይከፈታል፤ ምግቡ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ወደ ላይ ወጥቶ ቧንቧውን እንዳያቃጥል እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ዘበኛው እንደ ዘጋ ከቀረ አየሩ በየት ይውጣ? የጨጓራው ላይኛ ግድግዳ በአየር ሲወጠር በውስጡ ያሉት ነርቮች ወሬውን ቬገስ በሚባለው ረዥም ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይልካሉ። ትእዛዙም በዚያው ነርቭ ይመለሳል። ቀለበቱ ሳንውጥና ሳናዝዘው ከአሥር ሰከንድ እስከ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይላላል። በዚያ ስፍራ ቀለበቱን ከውጭ የሚያጠብቀው ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻም ጭብጡን ለቀቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ አየሩ ወደ ምግብ ቧንቧው ይወጣል።

እጅግ የሚደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከላይ፣ ከማንቁርት በስተኋላ፣ ሁለተኛ ቀለበት አለ። ይህኛው የመጣውን እንግዳ ሳይመረምር አያሳልፍም። ቧንቧውን በድንገት የወጠረው አየር ከሆነ ይከፍትለታል፤ ፈሳሽ ከሆነ ግን የበለጠ አጥብቆ ይዘጋል፤ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ቢገባ ሰው ይታነቃልና። በዚያው ቅጽበት የመተንፈሻው ቱቦ አፍ ይዘጋል። የምንሰማው ድምፅም አየሩ በላይኛው ቀለበት ሲያልፍ እያርገበገበው የሚያወጣው ነው። እንግዲህ ሥርዓት የለሽ የምንለው ግሳት ሁለት ዘበኞች ተማክረው የሚፈጽሙት ሥራ ነው ማለት ነው።

ይህ ሥራ ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ይቀላል። በጀርባችን ስንተኛ ፈሳሹ በሩን ይሸፍነዋል፣ አየሩም ከበሩ ይርቃል፤ በሩ ለአየር መላላቱን ይቀንሳል። እንቅልፍ ሲወስደን ደግሞ ከሞላ ጎደል ያቆማል። ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሰዎች ሁኔታ ይህን ያስረዳል፤ እዚያ ክብደት ስለማይሰማ በጨጓራቸው ውስጥ አየርና ፈሳሽ ላይና ታች ሆነው አይለያዩም፤ ስለዚህ ሲያገሱ ፈሳሹም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

በሩ አልከፈት የሚላቸው ሰዎችም አሉ። የላይኛው ቀለበት ለአየር እምቢ ስለሚል ዕድሜያቸውን በሙሉ ሳያገሱ ይኖራሉ፤ ከምግብ በኋላ ደረታቸው ይታፈናል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ጉሮሯቸው ሰው እስኪሰማው ድረስ ይንቋቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ሕመም ስም ሰጥተው ጻፉበት፤ ቦቶክስ የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በዚያ ቀለበት ላይ በመውጋትም ብዙዎቹን ለማስገሳት ችለዋል። እኛ የምንሸሽገውን ለማግኘት ጉሯቸውን በመርፌ የሚወጉ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በጭንቀት ጊዜ ሳይታወቃቸው አየር ወደ ምግብ ቧንቧቸው እየሳቡ ወዲያው መልሰው የሚያወጡ አሉ። ይህ አየር ጨጓራ ድረስ አይወርድም፤ ሰውየው ሲተኛ ወይም ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድ ግሳቱ ይቆማል። ብዙዎችን የሚረዳቸውም ረጋ ብሎ በሆድ መተንፈስን መለማመድ ነው። በፈተና ሳምንት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ በሚያገሳው ጓደኛችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ሞጆ እንመለስ። ከዚያ ፋሲካ በኋላ ክረምት ገባ፤ እኛም ለዕረፍት ቤት ነበርን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ። ከጥማዱ አንደኛው በሬ ቦራ ይባል ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ገራም በሬ። አንድ ሌሊት ገመዱን በጥሶ ወጣና ጎረቤታችን በወንዙ ዳር ለላሞቹ ከዘራው አልፋልፋ ውስጥ ገባ። አልፋልፋው ለጋ ነው፤ ዝናብና ጤዛ አርሶታል። እስኪነጋ ድረስ ጋጠው።

ጠዋት ስናገኘው ግራ ጎኑ ከጀርባው በላይ ተነፍቷል። መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ይጮኻል። በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል፤ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። አያመነዥክም፤ አያገሳም። አንድ ሽማግሌ የኦሮሞ ጎረቤታችን መጡና ጎኑን ዳሰሱት። በመጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ለእኛ ደግሞ በአማርኛ፣ «ዘይት አጠጡት። እምቢ ካለ እዚህ ጋ ውጋው» አሉ፤ ከግራ ዳሌው ፊት ለፊት ያለውን ስፍራ በጣታቸው እያሳዩ። ከእኛ አንዱ የእንስሳት ሐኪም ሊጠራ ወደ ከተማ ሮጠ፤ ሌሎቻችን ዘይት ፍለጋ ወደ ቤት። ጋሼ ቢላዋ ይዘው ቆሙ። ሰው ተሰብስቧል። «የገዛ በሬውን ወጋ ብባልስ?» አሉ፤ ቢላዋውንም ዝቅ አደረጉ። ዘይቱ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ፈሰሰ። ቦራ ሐኪሙ ሳይደርስ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ወዲያውም ሞተ።

በዚያ ክረምት ጋሼ የቀረውን በሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ተራ እየጠበቁ፣ ጤፉን አዘግይተው ዘሩ። እኛም ወደ ትምህርት ስንመለስ የመሳፈሪያ ገንዘብ የተሰጠን ከበፊቱ ተቀንሶ ነው። ማንም ምንም አላለንም፤ ቆጥረን ዐወቅነው።

የሆነውን ነገር ያስረዳን በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛችን ነው። የከብት ሆድ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ጨጓራ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ ሣሩ እዚያ ውስጥ ይብላላል። ከዚህ የሚወጣው ጋዝ እጅግ ብዙ ነው። አንዲት ትልቅ ላም እንደ ዝርያዋና እንደ መኖዋ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ብቻ በቀን ከ250 እስከ 500 ሊትር ታወጣለች። ይህም ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚወጣው በአፏና በአፍንጫዋ ነው። ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው ያህል ታገሳለች፤ ነገር ግን ከጋዙ ብዙው በመጀመሪያ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ከትንፋሿ ጋር ስለሚወጣ አንሰማትም። በአገራችን ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ የቀንድ ከብት አለ፤ ሁሉም ቀንና ሌሊት ያገሳል። ሜቴን ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ስለሆነም የዓለም ሊቃውንት ዛሬ የላሞችን ግሳት ይመዝናሉ።

ታዲያ ቦራን ምን ነካው? ለጋ አልፋልፋ በጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ጋዙ ወደ ላይ ተለይቶ አይወጣም፤ እንደ ሳሙና አረፋ ጥቃቅን ሆኖ ከፈሳሹ ጋር ይደባለቃል። የከብት በርም እንደ ሰው በር ጠንቃቃ ነው። ፈሳሽ ወይም አረፋ አጠገቡ ከደረሰ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ብሎ አይከፈትም። አረፋው በሩን ነካው፤ በሩም ፈሳሽ መጣ ብሎ ዘጋ። ጋዙ ግን መፈጠሩን አላቆመም። ሆዱ እየሰፋ ሄዶ ሳንባውን ጨፈለቀው። ዘይት የሚያጠጡት አረፋው ተሰብሮ ጋዙ ለብቻው እንዲለይ ነው። መውጋት የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ለአረፋ ደግሞ ቀጭን ቀዳዳ አይበቃውም። «ቢወጋ ይድን ነበር ብሎ የሚምል ሰው የለም» ሲል ጓደኛችን ጋሼን አጽናናቸው። የጋሪው ፈረስ ደግሞ ከበሬውም የባሰ መሆኑን ነገረን፤ የፈረስ በር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ማግሳትም ማስመለስም ከሞላ ጎደል አይችልም፤ ጨጓራው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ሊቀደድ ይችላል።

እኛ ከዚህ ሁሉ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ቦራን የገደለው የበሩ ስንፍና አይደለም፤ ጥንቃቄው ነው። አረፋውን ከውኃ መለየት አቅቶት፣ ሳንባውን ሊጠብቅለት ብሎ ሕይወቱን አሳጣው።

ይህን ከተማርን ወር ሳይሞላ ፍልሰታ ገባ። አክስታችን ከፋሲካ ጀምሮ ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ መቀመጥ ትታ ነበር። ስንጠራት «ቀምሻለሁ» ትላለች። ለብቻዋ ጓዳ ትበላለች፤ ጥቂት ቀምሳም ትተወዋለች። እኛ ሥራ በዝቶባት ነው፣ የቦራም ሐዘን ነው ብለን አለፍነው። ሌሊት ሌሊት ከእምብርቷ በላይ እያቃጠላት ትነሣ እንደ ነበር የሰማነው ኋላ ነው።

ለነገሩ ወደ ሕክምና ሄዳ ነበር። ያያት ሐኪም የእኛ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው። «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ቢላት፣ ግሳት ያስቸግረኛል፣ ሆዴም ይነፋል ማለት አፈረች። «ለዚያ ልጅ ምን ብዬ ልንገረው?» አለችን ኋላ። «ራሴንና ወገቤን» አለችው። እርሱም የተነገረውን ሰምቶ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። ከሕመም ማስታገሻዎች አንዳንዶቹ፣ እንደ አስፒሪንና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት፣ የጨጓራን ግድግዳ የመጉዳት ባሕርይ አላቸው፤ ቁስል ባለበት ጨጓራ ላይ ደግሞ ደም እስከ ማፍሰስ ይደርሳሉ። አክስታችን ግን ሐኪም የሰጠኝ ነው ብላ፣ ባልያዛት የወገብ ሕመም ምክንያት፣ በጾም ሆዷ ዋጠችው። ሲያልቅባትም ራሷ ገዝታ ጨመረች።

አንድ ቀን ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ወደቀች። ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል። ሰገራዋ ለሦስት ቀን እንደ ከሰል ጠቁሮ እንደ ነበር ለማንም አልተናገረችም። ወደ አዳማ ይዘናት ሄድን። ደም ያስፈልጋታል ተባለ፤ ከእኛ ሁለታችን ሰጠን። ሐኪሞቹ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራዋን ተመለከቱ፤ የሚደማ ቁስል አገኙ።

እዚያ ያየቻት ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ከአልጋው ጎን ተቀምጣ ትጠይቃታለች። «ምግብ ቶሎ ያጠግብዎታል? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? ያገሳዎታል?» አክስታችን መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኛ ተመለከተች። ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። እኛ መሬት መሬት አየን። በዚያች ሰዓት ዩኒቨርስቲ ገብተን የተማርነው ጨዋነት ምን ያህል እንደ ሆነ ታየን።

ሐኪሟ ኋላ እንዳስረዳችን ግሳት ራሱ በሽታ አይደለም። አብዛኛው የተዋጠ አየር ነው፤ ብዙ የሚያገሱ ሰዎች ቁስል የለባቸውም፣ ብዙ ቁስል ያለባቸውም አያገሱም። ነገር ግን ሐኪም ከአንድ ምልክት ብቻ ነገሩን አይፈታም፤ ሁሉን ሰምቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያገናኛል። ከመካከላቸው አንዱን ብንደብቀው ሐኪሙ የሚያክመው እኛ የፈጠርነውን ሌላ ሰው ነው። ሆድን ማቃጠል፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ሰገራ፤ እነዚህ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱማ ለሰዓታትም አይቆዩም።

የአክስታችን ቁስል ከክኒኖቹ ሌላ የቆየ ምክንያትም ነበረው። ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘባት። በአገራችን ይህ ባክቴሪያ በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። ድሮ የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ይመጣል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ባክቴሪያውን ለይተው አወጡት። ብዙ ሰው ስላላመናቸው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ታመመ። በ2005 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። እኛን ያስገረመን ሽልማቱ አይደለም፤ አንድ ሐኪም ሰው ምን ይለኛል ሳይል የገዛ ሆዱን ለምስክርነት ማቅረቡ ነው። አክስታችን ባክቴሪያውን የሚገድሉና አሲዱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ለሁለት ሳምንት ዋጠች፤ ቁስሉም በኋላ ዳነ።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ በትምህርት ክፍል ውስጥ አግሱ ማለታችን አይደለም። ይሉኝታም ክፉ ነገር አይደለም፤ እንደዚያ ቀለበት ነው፤ ብዙ ነገር ይጠብቅልናል። ጋሼም ቢሆኑ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢላዋውን ያወረዱት ሰው ስለሚያከብሩ ነው። ነገር ግን በር የሚመሰገነው ማንን ማስገባት፣ ማንን ማስወጣት እንዳለበት ሲለይ ነው። አረፋውን ከውኃ ሳይለይ ሁሉን የሚዘጋ በር ባለቤቱን ይገድላል። በአንድ ክረምት ይህን ሁለት ጊዜ አይተናል፤ አንደኛው አልተመለሰልንም።

ዘንድሮ ለፋሲካ ወደ ሞጆ ሄድን። ሁለተኛው በሬ ገና አልተገዛም። አክስታችን ጠላውን ሐኪሟ እንደ መከረቻት ትታለች፤ ግን ከእኛ ጋር ከማዕዱ ቀረበች። ቀስ ብላ በላች። በልታ ስታበቃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ለአፍታ ዝም አለች። ዝም ያለችው እኛን እየጠበቀች መሆኑን ዐወቅን። ከእኛ ታናሽ የሆነው፣ ያ «መብረቁ» የተባለው፣ ቀድሟት አገሳ። ጋሼ ሳቁ። ከዚያ እርሷም አገሳች፤ አጭር ነበር። «ተመስገን» ያልነው ግን እኛ ነን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ግን የሚያስደብቀውም ሰው ከነገሩ ንጹሕ አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ በቅርቡ ትምህርት ይዘጋል፤ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በማዕድ ላይ ቢያገሱ አትሳቁ፤ እንዲያውም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድሽስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።